አናቱን ብቻ የማውቀው ሰው

ትናንት ለዓይኔ ብለሽ ደሴ ይዘሽኝ ወጥተሽ፣ ያ አዲሱ ፎቅ ላይ አስቀምጠሽኝ ወረፋ ልትይዢ ሄድሽ አይደል? እኔ በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ቆየሁ። ቅርቡ ነው እንጂ የሚደበዝዝብኝ ሩቁንማ አያለሁ። ከላይ ሆነሽ ስታዪ ሰው ፊት የለውም፤ አናት ብቻ ነው። ኮፍያ ያደረገ፣ ራሰ በራ፣ ቅባት የጠጣ ፀጉር፣ ሻሽ፣ ሒጃብ፣ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። አንቺ ተመልሰሽ «እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ እንዲህ ያነባው?» ስትዪኝ «ጠብታው ነው» አልኩሽ። ጠብታውን ገና አልጨመሩልኝም ነበር። አንቺም አውቀሽ ዝም አልሽ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው የምወደው። በይ ሐያት፣ ዛሬ ዓይኔን ጋርዶኝ የትም አልሄድም፣ ደብተርሽን አምጪና ጻፊ። እንደተናገርኩት ጻፊ እንጂ እንደ ትምህርት ቤት አታሳምሪው።

እኔ የነበርኩት ጅዳ፣ በግዳዲያ የሚሉት ሰፈር ነው። የድሮ ሰፈር ነው፤ ሕንፃው ተደጋግፎ የቆመ፣ ልብስ በየመስኮቱ የተንጠለጠለበት፣ ታች ፀጉር ቆራጩ፣ ጫማ ሰፊው፣ የታሚስ ምድጃው። ታሚስ ማለት እንደ ሰፌድ የሰፋ ትኩስ ዳቦ ነው። ያኔ በአንድ ሪያል ነው፤ ሁለት ሰው ያጠግባል። ፉል በሦስት ሪያል ሳህን ሙሉ ይሰጡሻል። ጥቁር አባያ ከባብ መካ ገበያ በሠላሳ ሪያል ገዝቼ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥልፍ ነበረው፣ እሱን ጥልፍ ለማንም ሳላሳይ አራት ዓመት ለበስኩት። ማን ያይልኛል? ከቤት አልወጣ። ማዳሜ አሮጊት ናት። አሁን እኔ የደረስኩበት ዕድሜ ላይ ነበረች። ጉልበቷን ይዟት ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ነው መንገዷ። ክፉ አልነበረችም፤ ትጮሃለች፣ ግን ከምትበላው ታካፍለኛለች። ስምንት ዓመት አብሬያት ኖርኩ። ኢቃማዬ ግን፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ በእሷ ስም አልነበረም። መጀመሪያ ዋስ ሆኖ ባስመጣኝ በሌላ ሰው፣ ከፊል በሚሉት፣ ስም ነበር። ያኔ ብዙው ሰው እንዲያ ነበር፤ ማንም አይጠይቅም።

እዚያ አገር ሴት ለአንድ ዳቦ ብላ ሦስት ፎቅ አትወርድም። ዘንቢል በገመድ ታስሮ በመስኮት ይወርዳል። ከታች ሱቅ አለ። አንቺ ከላይ ትጣሪያለሽ፤ ባለ ሱቁ ወጥቶ ያልሽውን ዘንቢሉ ውስጥ ያደርግና ገመዱን ሁለት ጊዜ ጎተት፣ ጎተት ያደርገዋል። ሳቢ ማለት ነው። ትስቢያለሽ። በቃ። ስንት ዓመት እንዲሁ አወረድኩ፣ ሳብኩ፤ ገመዱ መዳፌን አጠነከረው። ታዲያ አንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ አዲስ ሰው ተቀጠረ። እኔ በአረብኛ «ወንድሜ፣ ሁለት ታሚስ!» ብዬ ስጣራ፣ ከታች በአማርኛ «እሺ እታለም» የሚል ድምፅ መጣ። ክው አልኩ። አረብኛዬ የወሎ አረብኛ ሆኖ ነው ያወቀኝ መሰለኝ።

ያ ሰውዬ ቀና ብሎ አያይም። የሰው ቤት መስኮት አንጋጦ ማየት ነውር ነው፤ እሱ ደግሞ ጨዋ ነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እኔ የማየው አናቱን ነው። ፀጉሩ አጠር ያለ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት። መሐል አናቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ጠባሳዎች አሉት፣ በረድፍ የተቀመጡ፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ። ፀጉር አይበቅልባቸውም። እኔ እነሱን ጠባሳዎች ሳይ፣ ምን ልበልሽ፣ አላህ ሰውየውን ለእኔ ብሎ ምልክት ያደረገበት ይመስለኝ ነበር። ከላይ ለሚያየው ሰው እንዳይጠፋ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቲማቲሙን ሲያደርግልኝ ደህና ደህናውን ከታች፣ ለስላሳውን ከላይ አድርጎ እንዳይጨፈለቅ ያስተካክለዋል፤ ይኼን አየሁ። ከሱቁ ውስጥ መንዙማ ይከፍታል፣ ታድሞ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ድምፅ ያለበት፣ የአገራችን። ማዳም «ያንን ዝጋ በይው» ትለኛለች፣ እኔ «እሺ» እልና መስኮቱን የበለጠ እከፍተዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘንቢሉን አወረድኩ። አስቀመጠ። ጎተት፣ ጎተት። ልስብ ስል አንዴ ደገመ። ቀስ ያለች፣ ትንሽዬ። ሦስተኛ።

ሁለቱ የሥራ ናቸው። ሦስተኛዋ የማን ናት? ገመዱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ትንሽዬ ጉተታ ከመዳፌ ወጥታ ክንዴን፣ ትከሻዬን አልፋ እዚህ ደረቴ ላይ መጥታ ተቀመጠች። እኔ ሃምሳ ዓመት የደፈንኩ ሴት ነኝ ያኔ፤ ወልጄ፣ ቀብሬ፣ ለልጅ ልጅ በቅቼ። በማግስቱም ሦስት። በሳልስቱም ሦስት። አንድ ቀን ሁለት ብቻ ጎትቶ ገባ፤ የማዳም ሻይ ላይ ጨው ጨመርኩበት። «ዘሐራ! ልትገድይኝ ነው?» ብላ ጮኸች። በማግስቱ ሦስተኛዋ ስትመጣ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

አያትሽን ሳላውቀው ነው የዳሩኝ። አላህ ይዘንለት፣ ደግ ሰው ነበር። እሱን እንደ ቤቴ ግድግዳ ነበር የማውቀው፤ ተደግፌው ኖርኩ፣ ሲወድቅ ብርድ ገባኝ። ይኼኛው ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ፍቅር ነው እንዳልል፣ ፍቅር ሰውን አውቆ ነው፤ እኔ ምኑን አውቄ? ልክፍት ነው እንዳልል፣ ልክፍት ያከሳል፤ እኔ ወፈርኩ። ጉልበቴን ያመኝ የነበረው ተወኝ። ያን ምንጣፍ ስጠርግ እዘፍን ነበር። ዕቃው ሁሉ ስም ያለው ይመስለኝ ጀመር። አንቺ ስታድጊ አንድ ቀን ይደርስብሽ ይሆናል፤ ያኔ አትደንግጪ። እኔ ደንግጬ ነበር።

በሐጅ ወቅት የማዳም ቤተሰብ መካ፣ ዓዚዚያ ያለውን ሕንፃ ለሐጃጆች ያከራያል። ያን ዓመትም አንሶላ ለማጠብ፣ ክፍል ለማጽዳት ወሰዱኝ። አብራኝ የምትሠራ ዘይነባ የምትባል የባቲ ሴት ነበረች፣ አፏ የማያርፍ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሥራዬን ቆማ አየችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ማነው?»

«ማን ማነው?»

«ትራሱን ፎጣ እያለበስሽው ነው። ማነው?»

ነገርኳት። ለማን እነግራለሁ ታዲያ። «ፊቱስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«አላየሁትም።»

«እንዴት አላየሽውም?»

«አናቱን ነው ያየሁት።»

አንሶላው ክምር ላይ ወድቃ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ! ወንድ ከላይ ሲያዩትማ ሁሉም መልከ መልካም ነው!» ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «በይ ሐረም ገብተሽ ዱዓ አድርጊ፣ ይልቀቅሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ማዳምን አስፈቅጄ፣ ሐጁ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሄድኩ። የምለምነውን በጣቴ ቆጥሬ ነበር የገባሁት። ለእናትሽ ሥራ፣ ለአንቺ ጤና፣ ጎረቤቶቼ አደራ ያሉኝ፣ ዘይነባ ያለችኝ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ይልቀቀኝ»። ላይኛው ፎቅ ላይ ወጥቼ ቁልቁል ካዕባን የሚዞረውን ሕዝብ አየሁ። ሱብሐነላህ! አናት፣ አናት፣ አናት። ጥቁር፣ ነጭ፣ የተላጨ፣ ዓለም ሙሉ እንደ ወንዝ ይዞራል። ጣቶቼ ጠፉብኝ። ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ነው፤ «ያ አላህ፣ ይኼን ሁሉ አናት አንተ አንድ በአንድ ታውቀዋለህ፤ ያንን አንዱን ደህና አድርግልኝ።» ይልቀቀኝ ማለቱን ረሳሁት። ስመለስ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፣ ግን ተመልሼ አልገባሁም።

ሐጅ አልቆ ጅዳ ስንመለስ ያ ግርግር ጀመረ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ሲወራ ሰምተሽዋል። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሁሉ ይውጣ ተባለ። ኑዝላ የሚባለው ሰፈር ቤት ለቤት ይፈተሻል አሉ፤ የእኛ ልጆች ድልድይ ሥር ተሰብስበው ራሳቸውን እየሰጡ ነው አሉ። መንገዱ ጭር አለ። ዘንቢሉን ሳወርድ የሱቁ ባለቤት ልጅ ነው የወጣው፤ ዳቦውን ወርውሮ አንዴ መንጨቅ አድርጎ ገባ። በማግስቱም እሱ። መንዙማም የለ። እኔ የሰውየውን ነገር እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? ምኔ ነው ልበል?

ማዳም ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ስሚ ዘሐራ። መስኮት አጠገብ እንዳትደርሺ። ልጄ ወረቀትሽን ወደ እኔ ስም እያዞረልሽ ነው። አንድ ሳምንት። ከዚያ ኸላስ፣ ማንም አይነካሽም።» እጇን ሳምኩት። እናትሽ ከድጃ ያኔ አባትሽ ጥሏት ሄዶ፣ አንቺን ይዛ እኔ በምልከው ነበር የምትኖረው። የሁለታችሁም ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚያች ወረቀት ላይ ነበር። ይኼን አውቃለሁ። ሳላውቅ አይደለም፤ ይኼንንም ጻፊው።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን፣ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ፣ ከታች የመኪናና የሰው ድምፅ ሰማሁ። አትድረሺ የተባልኩበት መስኮት ሄጄ በመዝጊያው ስንጥቅ አየሁ። ከሕንፃችን ጥላ ሥር ወንዶች በረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ፖሊሶች ቆመዋል፣ ሁለት አውቶቡስ ይጠብቃል። አናት በአናት ነው። በዓይኔ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ዳር፣ ጥቁርና ነጭ ፀጉር። መሐሉ ላይ ሦስት ጠባሳ።

ሐያት፣ እኔ አላሰብኩም። አስቤ ቢሆን አንቺ ትዝ ትዪኝ ነበር። አባያዬን አጠለቅኩ፣ ፊቴን ሸፈንኩ። ማዳም ከሶፋው ላይ «ወዴት ነው?» አለች።

«ታች።»

«ታች ምን አለ?»

«ሰው አለ።»

ዓይኔን አየችኝ፤ ሴት አይደለች፣ ገባት መሰለኝ። «አንቺ እብድ! አንድ ሳምንት ብቻ!» አለች። ልትነሣ ስትሞክር ጉልበቷ እምቢ አላት። ደረጃውን ስወርድ ድምፅዋ ይከተለኛል፤ «ዘሐራ! አንድ ሳምንት! አንድ ሳምንት ብቻ!» ያን ደረጃ በስምንት ዓመት ውስጥ ሳልታዘዝ የወረድኩት ያን ቀን ነው። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ከታች አንዱ ፖሊስ «ኢቃማ?» አለኝ። «የለኝም» አልኩ። አልገፋኝም፣ አልጮኸብኝም። ግራ ገብቶት አየኝና የሴቶቹን አውቶቡስ በእጁ አሳየኝ።

ተርሒል በሚሉት፣ አገር ከመላክሽ በፊት በሚያቆዩሽ ቦታ፣ አሥር ቀን ያህል ቆየን። ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ። አዳራሹ ውስጥ የሚለቀሰው ልቅሶ! ያላት ሁሉ የቀረባት፣ ልጇ የተለያት፣ የሠራችበትን ሳታገኝ የመጣች። እኔም አብሬያቸው እንባዬን አፈስሳለሁ፣ ውስጤ ግን ሰርግ ቤት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም የማፍርበት ይኼ ነው። ሰው ሲለከፍ ልቡ ለሌላው ይደነቁራል፤ ሰው የሚያደርገኝ ነገር መስሎኝ ሰውነቴን ወሰደው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከእኔ አምስት ወይ ስድስት ወንበር ፊት ተቀመጠ። ከወንበሩ በላይ አናቱ ይታየኛል። «ባሕሩ! ባሕሩ ታየ!» ብለው ሁሉም በመስኮት ሲረባረቡ፣ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር አላልኩም። አዲስ አበባ አውርደው፣ ድንኳን ያለበት ግቢ አስገብተው፣ ብስኩትና ብርድ ልብስ ሰጡን። እዚያ ወንድና ሴት አልተለየም። እሱ ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ ብሎ ብስኩት ይበላል። ሄጄ ከኋላው ቆምኩ። ልክ እንደ መስኮቴ፣ ከላይ አየሁት። ልቤን ይዤ «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ።

«ወዐለይኩም ሰላም እታለም» ብሎ ዞረ።

ሰፊ ፊት ነው፤ አንድ ጥርሱ የለም። ፊቱን አልጠላሁትም። እንዳላየሁት አውቃለሁና የፈለገው ይሁን ብዬ ነበር። «ከሦስተኛው ፎቅ ነኝ» አልኩት።

«ከየት?»

«ከሦስተኛው። የዘንቢሏ።»

«ዘንቢል ጠፋብሽ? ዕቃ የሚሰጡት በዚያ በኩል ነው።»

«በግዳዲያ፣ ሱቁ ውስጥ አልነበርክም?»

«እኔ? እኔ ኑዝላ ነው የነበርኩት፣ ብሎኬት ተሸካሚ ነኝ። በግዳዲያ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራ አለ ብለውኝ ሄጄ እዚያው ለቀሙኝ።»

«አናትህ ላይ ያለው ጠባሳስ?» አልኩት። በእጁ ዳበስ አደረገው። «ይኼ? የዋግምት እኮ ነው! ለራስ ምታት። ኑዝላ አንድ ዋግምት የሚያደርግ ሽማግሌ አለ፤ ፀጉርሽን ይላጭልሽና በምላጩ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ያደርገዋል። ፀሐይ ላይ ስንውል ሁላችንም ራሳችንን ያመን የለ? ግማሹ ሰው አለው።» ወዲያው አጠገቡ ያለውን ወጣት በጥፊ ነካ አደረገው፤ «አንተ፣ ጎንበስ በል እስቲ!» ጎንበስ አለ። ሦስት ጠባሳ። «አንተስ፣ የላ፣ ኮፍያህን አውልቅ!» ሦስት ጠባሳ። አንዱ ከጀርባ «ምንድነው፣ ምዝገባ ነው?» ብሎ ሳይጠሩት መጥቶ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። ሦስት ጠባሳ። እኔ መሐላቸው ቆሜአለሁ፣ ወንዶቹ አንድ በአንድ አናታቸውን ያሳዩኛል። አላህ ለእኔ ብሎ አደረገው ያልኩት ምልክት በስንቱ ላይ አለ።

ሰውየው ሳቁን ተወና አየኝ። ስሙ ይመር ይባላል። «ባልሽን ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

«ስሙን ንገሪኝ፣ ወጥቼ ልጣራልሽ። ድምፄ ይሰማል።»

ስሙን አላውቀውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን አልጠየቅሁትም፣ እሱም የእኔን። ይመር አባያዬን፣ ባዶ እጄን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አንቺ እኮ ወረቀት አልነበረሽም ማለት ነው?» አለኝ።

«በሳምንቱ ይወጣልኝ ነበር።»

«እና እኔን አይተሽ ነው የወረድሽው? በዚህ ጠባሳ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ ዘይነባ ብትሆን መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። እሱ ግን ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ቦታ ሰጠኝ፣ ከብስኩቱ ግማሹን ሰጠኝ። «ሱብሐነላህ» አለ። «እታለም፣ እኔን በዕድሜዬ አንድ ሰው ከኋላዬ ተከትሎኝ አያውቅም። ስሄድም ማንም አልሸኘኝ፣ ስመለስም የሚጠብቀኝ የለም። በስህተትም ቢሆን ዛሬ አንድ ሰው ተከተለኝ። አላህ ይስጥልኝ።» ከዚያ የከሚሴ አውቶቡስ ተጠራ፤ ሄደ። ሁለተኛ አላየሁትም።

የሱቁ ሰውዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተይዞ ይሁን፣ ተደብቆ ይሁን፣ አሁንም እዚያ ቲማቲም ያስተካክል ይሁን። ሦስተኛዋ ጉተታም፣ ስንት ጊዜ አሰብኩት፣ ገመዱ የሱቁ የጥላ ሸራ ላይ እየተያዘ እያላቀቀው ይሆናል። ለእኔ ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል። ግን የወረድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም ያወረደኝ። ሰው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተኝቶ ሃምሳ ዓመት እንደሚቆይ፣ በአንድ ገመድ እንደሚነቃ፣ የራሱን ደም እንደሚያስረሳ፣ እኔ በራሴ ባላየው አላምንም ነበር። የፈጠረውን አምላክ እፈራዋለሁ።

ቤት ስደርስ እናትሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ምን አደረጉሽ?» እያለች አለቀሰች። ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት አንቺ አታስታውሺውም፤ እናትሽ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችሽ። እስካሁን በማንም ፊት «እናቴን በጉልበት አፍሰው ነው ያመጧት» ትላለች፣ ያንን አገር ትረግማለች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማታለሁ። ስትመጣ ይኼን አንብቢላት። እኔን ያፈሰኝ የለም። የእናንተ ጉሮሮ እላዩ ላይ ያለ ወረቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በራሴ እግር ወረድኩ። ትቆጣኝ፤ መቆጣት ይገባታል። አንብበሽ እስክትጨርሺ እኔ በረንዳው ላይ ነኝ። ተቆጥታ ሲወጣላት ጥሪኝ።